ከሰንበሌጥ ወደ ቆርቆሮ፤ የምዕራብ ጎጃም ጣራና የክረምቱ ውሃ

ቤት ቤት የሚባለው በጣራው ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ወለሉ ቢጎደጉድ አፈር ይደለደልበታል። ጣራው ግን አንድ ጊዜ ማፍሰስ ከጀመረ ግድግዳውም፣ ወለሉም፣ በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው እህልና ልብስም አብሮ ይጎዳል። በተለይም እንደ ምዕራብ ጎጃም ባለ፣ የዓመቱ ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበትና አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በሚወርድበት አገር፣ የጣራ ጉዳይ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ግራና ቀኝ ሲመለከት ዛሬ የሚያየው በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በፊት በዚሁ አገር ያለፈ መንገደኛ ያየው የነበረው ግን ከሞላ ጎደል የሣር ክዳን ነበር። ይህ ለውጥ በአገሪቱ የግንባታ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ለውጦች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የድልድይንና የግድብን ያህል የመሐንዲሶችን ትኩረት አላገኘም። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ የተለወጠው ዕቃው ብቻ አልነበረም፤ ውሃን ከቤት የማራቅ ዘዴውም አብሮ ተለውጧል። አዲሱ ጣራ በብዙ ቦታ የሚያፈስበት ምክንያትም ከዚሁ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው።

የሣሩ ጥበብ

የጎጃም ገበሬ ጎጆ ክብ ነው። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ ከግድግዳው ቋሚዎች ወደ ምሰሶው አናት ወጋግራ ይሰበሰባል፤ በወጋግራው ላይ ማገር እየዞረ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል። ከዚያ በላይ ያለው ሥራ የከዳኙ ነው። ሰንበሌጡ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደርሶና ደርቆ ይታጨዳል፤ ቤቱም በበጋ፣ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ፣ ይከደናል። ከዳኙ ሥራውን የሚጀምረው ከታች፣ ከጣራው ክፈፍ ነው። እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ያለውን ዙር ማሰሪያ እየሸፈነ ወደ ላይ ይወጣና በመጨረሻ አናቱ ላይ ጉልላት ይደፋበታል።

ይህ አሠራር ተራ ቢመስልም በውስጡ ጥልቅ እውቀት አለው። ሣር በራሱ ውሃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም። ውሃውን የሚመልሰው ሣሩ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። የጣራው ዘንበልታ ወደ 45 ዲግሪ ስለሚጠጋ የዝናቡ ጠብታ ከአንዱ ሰበዝ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይንሸራተታል፤ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ ሳያገኝም ከክፈፉ ጫፍ ጠፈጠፍ ሆኖ ይወርዳል። የሚርሰው የላይኛው የሣር ንጣፍ ብቻ ሲሆን የታችኛው ክረምቱን በሙሉ ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

ከዚህም ሌላ ክብና ሾጣጣ በሆነ ጣራ ላይ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ የለም። ሁለት ጣራ የሚገናኝበት ሸለቆ የለውም፤ አሸንዳም የለውም። ከክፈፉ የወረደው ጠፈጠፍ በቤቱ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ተሰብስቦ ይሄዳል። በረዶ ቢዘንብ እንኳ ፍሬው በሣሩ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ሲሟሟም ውሃው እንደ ዝናቡ ሁሉ ይወርዳል። ከምድጃው የሚነሣው ጭስም ማገሩንና ልጡን በጥቀርሻ እየለበጠ ከምስጥና ከብስባሴ ይጠብቃቸዋል።

በአካባቢው ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትም በመጠን የገዘፉ ይሁኑ እንጂ የተሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ባሉት አድባራት የመቅደሱን ግድግዳ የሚያስጌጡት ሥዕሎች በአብዛኛው የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁም የተለጠፈበት ግድግዳም እርጥበት የማይችሉ መሆናቸው ሲታሰብ፣ እነዚህ ሥዕሎች ለብዙ ዘመናት ሊቆዩ የቻሉት ከሣሩ በታች ባለው ደረቅ አየር ምክንያት እንደ ነበረ መረዳት አያዳግትም።

ይህ ሲባል ግን የሣር ክዳን እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። እሳት ጠላቱ ነው፤ አንድ ብልጭታ አንድን መንደር ሊያወድም ይችላል። ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውም ሸክም ብዙ ነው። አይጥና ተባይም ይራቡበታል። ስለዚህም የተሻለ ዕቃ ሲመጣ ሕዝቡ በደስታ መቀበሉ ተገቢ ነበር።

የቆርቆሮው ጉዞ

የሞገድ ቅርጽ ያለውን የብረት ዝርግ እ.ኤ.አ. በ1829 በለንደን የባለቤትነት መብት ያወጣበት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው። ሐሳቡ ቀላል ሆኖም ታላቅ ነበር። ቀጭን ብረት ጠፍጣፋ ሆኖ ሲተው በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ በሞገድ ሲታጠፍ ግን ከማገር እስከ ማገር ያለውን ርቀት ያለ ችግር ይሸከማል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቶሎ ይዝግ ነበር። ይህን ችግር የፈታው ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ሲሆን፣ ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመለበጥ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1837 በፓተንት አስመዘገበ። የእነዚህ ሁለት ሥራዎች ጥምረት በዓለም ዙሪያ የጣራን መልክ ለወጠ።

ወደ ኢትዮጵያ ቆርቆሮ በብዛት መግባት የጀመረው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የዋና ከተማዋ ገበያ በቆርቆሮ እየበለጸገ ሄደ። ጎጃም ግን በአባይ ሸለቆ ተከልሎ ስለሚኖር ዕቃው እንደ ልብ አይደርሰውም ነበር። በረሃውን በአጋሰስ ጭነት ተሻግሮ የሚመጣ ቆርቆሮ ዋጋው የሚቀመስ ስላልነበረ፣ ቀድመው ያገኙት አብያተ ክርስቲያናት፣ መኳንንትና ባለጸጋ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚህም የተነሣ ቆርቆሮ ከዝናብ መከለያነቱ በላይ የማዕረግ ምልክት ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ቡሬ የጠላት ጦር የሰፈረባት ምሽግ ነበረች። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ባደረሰባት ግፊት ጠላት ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከነፃነት በኋላ የአውራ ጎዳናው መሠራት፣ የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶችና የጤና ጣቢያዎች መቋቋም፣ የነጋዴዎችም ሱቅ በመንገዱ ዳር መደርደር እንደ ቡሬና ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት እንደ ሆነችው እንደ ፍኖተ ሰላም ያሉትን ከተሞች አሳደጋቸው። መኪና ከገባ ቆርቆሮም ገባ። ክብ የነበረው ቤትም በመንገዱ ልክ ለመሰለፍ ሲል አራት ማዕዘን ሆነ።

ወደ ገጠሩ ጠልቆ ለመግባት ቆርቆሮው ሌሎች ሦስት ምክንያቶች አስፈልገውታል። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራው ክፍል በስዊድን መንግሥት እርዳታና በሕዝቡ መዋጮ በመላ አገሪቱ ቆርቆሮ የለበሱ የመማሪያ ክፍሎችን አስፋፋ። ለብዙ መንደሮች የመጀመሪያው የቆርቆሮ ጣራ የትምህርት ቤቱ ጣራ ነበር። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ በጎጃም ደጋ ሲስፋፋ ቀጥ ያለ ቋሚና ማገር በየደጃፉ ተገኘ። ሦስተኛው የሣሩ መጥፋት ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ግጦሹና ዳር መሬቱ እየታረሰ ሰንበሌጥ የሚታጨድበት ቦታ ጠበበ። በአንጻሩ ደግሞ ከበርበሬና ከበቆሎ ሽያጭ ገንዘብ ያገኘ ገበሬ በመጀመሪያ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ቆርቆሮ ሆነ።

የበረዶ ግድብ

ቆርቆሮው በእነዚህ ዓመታት ሲስፋፋ አንድ ነገር ግን አብሮት አልመጣም፤ ይኸውም የከዳኙን ያህል ውሃን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ወደ ቀዝቃዛ አገሮች መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችን አፍርቷል። የስዊድን መምህራን በመጡበት አገር ጣራ የሚፈተነው በዝናብ ብቻ አይደለም። በክረምታቸው አመዳይ በጣራው ላይ ለሳምንታት ይከመራል። የቤቱ ሙቀት ወደ ላይ ሲያመልጥ ክምሩን ከሥር ያሟሟዋል፤ ውሃውም ወደ ክፈፉ ይወርዳል። ክፈፉ ከግድግዳው ወጥቶ በብርድ ውስጥ የተንጠለጠለ በመሆኑ ውሃው እዚያ ሲደርስ እንደገና ይረጋል። ቀን በቀን እየወፈረ የሚሄደው የረጋ በረዶ ግድብ ይሆንና ከኋላው ውሃ ያቁራል። የጣራ ልባስ ደግሞ የሚፈስ ውሃን እንጂ የቆመ ውሃን ለመመለስ አልተሠራም። የተቋጠረው ውሃ ከንብብሩ ሥር ወደ ላይ ገብቶ ቤቱን ያረጥበዋል። የእነዚያ አገሮች ባለሙያዎች መፍትሔውን ያገኙት ውሃ የማያስገባ ዕቃ በመደራረብ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሙቀት ወደ ጣራው እንዳይወጣ በመከልከልና ከጣራው ሥር ቀዝቃዛ አየር እንዲዘዋወር በማድረግ ጭምር ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አመዳይ አይከመርም። ይሁን እንጂ በክረምት ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው በረዶ ይህንኑ ግድብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። በሣሩ ላይ ተበትኖ ይቀር የነበረው የበረዶ ፍሬ ለስላሳ በሆነው ቆርቆሮ ላይ አይቆምም፤ እየተንከባለለ ወደ አሸንዳውና ሁለት ጣራ ወደሚገናኝበት ሸለቆ ይወርዳል። አሸንዳው የባሕር ዛፍ ቅጠል ካለበት በረዶው በቅጠሉ ላይ ይከመርና መውረጃውን ይዘጋል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶን ለማሟሟት የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ ያህል ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር ስለሚተካከል፣ ክምሩ ደመናው ባለበት ሰዓት ቶሎ አይሟሟም። ዝናቡ ግን አያቆምም። በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2000 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ መውጫው በተዘጋ አሸንዳ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ወደ ኋላ የሚመለሰው ውሃ ቤት ለመግባት ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት? መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። ሁለት ቆርቆሮዎች ጫፍ ለጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ተነባብረው በ10 ዲግሪ ዘንበልታ ቢመቱ፣ ከንብብሩ ታችኛ ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው የከፍታ ልዩነት 2.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዘንበልታው 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 5.1 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሣሩን ጣራ ያህል፣ በ45 ዲግሪ፣ ቢዘነብል ደግሞ 10.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ጣት የማይሞላ የበረዶ ግድብ ዝቅ ያለውን ጣራ ያሸንፈዋል። በጎን በኩል ያለው ንብብርም የሚተማመነው በሞገዱ ከፍታ ነው፤ ይህም በተለመደው ቆርቆሮ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ሌላም ውሃ አለ፤ ይኸውም ከሰማይ የማይወርደው ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከምድጃው፣ ከሰዉና በአንድ ጣራ ሥር ከሚያድሩት ከብቶች የሚነሣው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ወደ ውሃነት ይለወጥና ሊነጋጋ ሲል ይንጠባጠባል። ውርጭ በሚወርድባቸው የጮቄ ተራራ አቅራቢያ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ይኸው እንፋሎት በቆርቆሮው ሥር ሊረጋና ፀሐይ ስትወጣ ሟሙቶ ሊወርድ ይችላል። ዝናብ ሳይዘንብ ቤቱ «አፈሰሰ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ቀዳዳ እየፈለገ ሬንጅ ይቀባል፤ ቀዳዳ ግን የለም። ሣሩ ይህን እንፋሎት በራሱ ውስጥ ያሳልፈው ነበር፤ ቆርቆሮው ግን መውጫ ካላበጁለት ይዘጋዋል።

ውሃ የቆመባቸው ቦታዎች

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሲጠቃለል፣ ጣራ የሚሸነፈው በውሃ ብዛት ሳይሆን በውሃ መቆም ነው። የሣሩ ከዳኝ ይህን በቃል ባይገልጸውም በእጁ ያውቀው ነበር። የቆርቆሮው ዘመን ግን ውሃ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ጨመረ።

የመጀመሪያው የዘንበልታ መቀነስ ነው። ቆርቆሮ በሜትር የሚገዛ ዕቃ በመሆኑ ጣራው ዝቅ ባለ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል፤ ባለቤቱና አናጢው በዚህ ይስማማሉ። ሁለተኛው የቤቱ መስፋፋት ነው። በመጀመሪያ ሁለት ክዳን የነበረው ቤት በኋላ ከጎኑ ማድቤት፣ ከፊቱም በረንዳ ሲጨመርለት በሁለቱ ጣራዎች መካከል ሸለቆ ይፈጠራል። ሦስተኛው በከተማ የተለመደው፣ አሸንዳውን ከግንብ ኋላ መደበቅ ነው። ከውጭ ሲታይ ያማረ ነው፤ በረዶ ሲዘጋው ግን ውሃው የሚሄድበት ሌላ አቅጣጫ ስለሌለው ወደ ኮርኒሱ ይገለበጣል።

አራተኛው ሚስማሩ ነው። ሚስማር በሞገዱ ጉብታ ላይ እንጂ ውሃው በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ መመታት የለበትም። በትክክል የተመታውም ቢሆን ዕረፍት የለውም። ከሰዓት በፊት በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ በድንገት በረዶ ሲወርድበት ይኮማተራል። የ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ቆርቆሮ 1 ሚሊ ሜትር ግድም ያሳጥረዋል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የሚስማሩን ቀዳዳ ያሰፋል። አምስተኛው የቆርቆሮው መሳሳት ነው። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለመጠገን የወጣ ሰው በሳሳው ቆርቆሮ ላይ ሲረግጥ ንብብሩ ይከፈታል፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ይከፍታል። በዚህም ላይ የማገዶ ጭስ ውስጥ ያለው አሲድ የዚንኩን ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሣሩን ይጠብቀው የነበረው ጭስ ቆርቆሮውን ይጎዳዋል ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። በጎታ ውስጥ የተቀመጠ በቆሎ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት የተከመረ በርበሬ ጠብታ ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታውም የሰውን ጤና የሚጎዳ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። የአንድ ዓመት ድካም ከገበያ የሚመለሰው በአንድ ቀዳዳ ምክንያት ይሆናል። በትምህርት ቤት ውስጥ የዝናቡ ጩኸት የመምህሩን ድምፅ ከመዋጡ በላይ ተማሪዎች ከጠብታው ለመሸሽ አንድ ጥግ ላይ ይታጨቃሉ። ሣራቸው በቆርቆሮ በተተካ አብያተ ክርስቲያናትም ቢሆን አንድ የተነቀለ ሚስማር በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚሰደው ውሃ የሚያጠፋው ሥዕል በምንም ገንዘብ አይተካም።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለት አይቻልም፤ ሣሩም የለም፤ የእሳቱም አደጋ አይናፈቅም። የሚቻለውና የሚገባው የሣሩን ሕግ ለቆርቆሮው ማስተማር ነው።

ለገጠር ቤትና ለትምህርት ቤት የሚበጀው ሸለቆ የሌለው፣ ሁለት ክዳን ብቻ ያለው ጣራ ነው። በረንዳ ወይም ማድቤት የሚጨመር ከሆነም ዋናው ጣራ እንዲሸፍነው ሆኖ ከመጀመሪያው ቢታሰብ፣ አለዚያም ተለይቶ ቢሠራ ይሻላል። ዘንበልታው ከ20 ዲግሪ ባያንስ፣ በክፈፉ አጠገብ ያለው ንብብርም ከሌላው ቢረዝም ጥቂት ቆርቆሮ ይጨምራል፤ የሚያድነው ግን ከዚያ ይበልጣል። አሸንዳ የግድ ካስፈለገ ከግድግዳው ውጭ ይንጠልጠል፤ የፊት ከንፈሩም ከኋላው ዝቅ ይበል። ያን ጊዜ በረዶ ቢዘጋው ውሃው የሚፈሰው ወደ ደጅ እንጂ ወደ ቤት አይሆንም። አሸንዳ ካላስፈለገ ደግሞ የአባቶች ዘዴ በቂ ነው፤ ክፈፉን ማስረዘምና ጠፈጠፉን በቦይ መቀበል። በጣራው አናትና በክፈፉ ሥር የአየር መግቢያና መውጫ ቢተው የሌሊቱ እንፋሎት ሳይንጠባጠብ ይወጣል። ከበረዶ በኋላ አሸንዳን ለመጥረግ የሚወጣ ሰውም በመሰላል ሆኖ በረጅም እንጨት ይጥረግ እንጂ በቆርቆሮው ላይ አይሂድ። ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ቅጠሉን ማጽዳትና የላላውን ሚስማር ማጥበቅም ከዚሁ ይደመራል።

እነዚህ ነገሮች ለመሐንዲስ አዲስ አይደሉም። ችግሩ መሐንዲሱ የገጠሩን ጣራ የሙያው ጉዳይ አድርጎ አለመቁጠሩ ነው። በቡሬ በተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚታየው ያሉ ሰፋፊ የፋብሪካ መጠለያዎች በሥዕልና በስሌት ይሠራሉ፤ ለፓርኩ በቆሎ የሚያቀርበው የገበሬ ቤት ግን በአናጢው ግምት ይመታል። የተሻለ የጣራ ሥዕል በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ለየወረዳው አናጢዎችና ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ቢደርስ ብዙ ጎታ ከሻጋታ ይድናል።

ሌላም አስቸኳይ ሥራ አለ። ከክፈፍ ጀምሮ እስከ ጉልላት ድረስ አንድን ጣራ መክደን የሚችሉ ከዳኞች በየገጠሩ እያነሱ ሄደዋል፤ ልጆቻቸው ሙያውን የሚማሩበት ቤት አላገኙም። እውቀታቸው በጽሑፍና በልኬት ሳይያዝ ቢያልፉ የሚጠፋው የሣር አከዳደን ብቻ አይሆንም። ውሃ በቤት ላይ እንዳይቆም ለማድረግ በዚህ ምድር ላይ ለዘመናት የተደረገው ሙከራ ውጤትም አብሮ ይጠፋል። የቆርቆሮውን ጣራ የሚሠራ ባለሙያ ሊማርበት የሚገባው ከፍተኛ ትምህርትም ይኸው ነው።